ሳብውፈር፦ የጎርናና ድምፅ ጥራት በምን ይታወቃል?

ሳብውፈር ወፍራሙን ድምፅ (ቤዝ) ብቻ እንዲያወጣ ተለይቶ የተሠራ ድምፅ ማጉያ ነው። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ሰፊ መስክ የሳብውፈር ድርሻ የታችኛው ጥግ ነው፤ ከ20 ኸርዝ አካባቢ ተነስቶ 80 ወይም 120 ኸርዝ ላይ ያበቃል። ቁራጭ ቢመስልም ክብደቱ ቀላል አይደለም። የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት አድማጮች ለአንድ ድምፅ ማጉያ ከሚሰጡት ጠቅላላ ነጥብ 30 ከመቶ ገደማውን የሚወስነው ቤዙ መሆኑን አሳይቷል።

በገበያው ግን የቤዝ ጉዳይ በአንድ ቃል ይዘጋል፤ «ይመታል» ወይም «አይመታም»። ሻጩ ቮሊዩሙን ከፍ ያደርጋል፣ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ዋጋ ይነገራል። መምታት የብዛት ነገር እንጂ የጥራት አይደለም። ጥሩ ሳብውፈር በቅጂው ውስጥ ያለውን ጎርናና ድምፅ ሁሉ እኩል ያወጣል፤ የሌለውን ደግሞ ከራሱ አይጨምርም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ርካሽ ሳጥን ብዙውን ጊዜ የሚወድቀውም በዚሁ ፈተና ነው።

የጆሮ ነገር

ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው። ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ይህንን ለክተው በሥዕል አስቀምጠውታል፤ ሥራቸው ታርሞ ዛሬ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። በደረጃው መሠረት በ1,000 ኸርዝ ያለ ድምፅ ገና በ0 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) አካባቢ መሰማት ሲጀምር፣ 50 ኸርዝ ለመሰማት 44 ዴሲቤል፣ 20 ኸርዝ ደግሞ 78 ዴሲቤል ያህል ይፈልጋል። በሌላ አነጋገር፣ ጎርናናው ድምፅ እንዲሰማ ብቻ ከፍተኛ ጉልበት ይጠይቃል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቮሊዩም ሲጨምር ቤዙ ከሌላው ድምፅ በላይ ያደገ ይመስላል፤ ሲቀንስ ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳብውፈሮችን አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ሁልጊዜ የሚጮኸው ያሸንፋል፤ ይህን ሻጮች በደንብ ያውቁታል። ሁለተኛ፣ ቤዝ መሰማት ከጀመረ በኋላ ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ሲጨመር ለጆሮ ትልቅ ለውጥ ይሆናል። በቀጭኑ ድምፅ ላይ ብዙም ልብ የማይባል የሦስት ዴሲቤል ስህተት በ40 ኸርዝ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

አንጎልም የራሱ ብልሃት አለው። መሠረታዊው ወፍራም ድምፅ ባይወጣ እንኳ በላዩ ያሉት ተከታይ ድምፆች ከተሰሙ፣ አንጎል የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በገና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአሥሩ አውታሮችና በድልድዩ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ አውታሩን እያስነዘሩ እጅግ ብዙ ተከታይ ድምፅ ይፈጥራሉ። በገና በስልክ ስፒከር ሲደመጥ እንኳ ጎርናናነቱ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስልኩ ግን መሠረቱን ጨርሶ አላወጣውም። ስለዚህ «ቤዝ ተሰማኝ» ማለት ብቻውን ቤዝ መውጣቱን አያረጋግጥም። መሠረቱ በእውነት ሲወጣ በገናው ይከብዳል፤ ከተቀመጡበት ወንበር ጋር የተያያዘ ያህል ይሆናል። ንዝረቱ ግን እንደ በፊቱ ጥርት ብሎ መቅረት አለበት። ንዝረቱ ከታፈነ ሳብውፈሩ መጠኑን አልፏል።

ሳጥኑና ጉልበቱ

ድምፅ ማጉያ ድምፅ የሚያወጣው አየር በመግፋት ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ካቀረቡት ንድፍ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም፤ በማግኔት መካከል ያለ ጥቅል ሽቦ ኮን የሚባለውን ሾጣጣ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሳል። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ እንዲያውም የድምፁ ድግግሞሽ (የኸርዙ ቁጥር) በግማሽ በወረደ ቁጥር ያንኑ የድምፅ ኃይል ለማግኘት የሚገፋው አየር አራት እጥፍ መሆን አለበት። በ80 ኸርዝ ኮኑ 1 ሚሊሜትር ቢሄድ በ40 ኸርዝ 4፣ በ20 ኸርዝ 16 ሚሊሜትር መሄድ ይኖርበታል ማለት ነው። ባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢንች ኮን ይህን ያህል መጓዝ አይችልም። ስለዚህ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሸጡት ትናንሽ ሳጥኖች አብዛኞቹ ከ50 ኸርዝ በታች ሲሆን ይተዉታል። ባለ 12 ኢንች ኮን ከባለ 8 ኢንቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ስፋት ስላለው በትንሽ ጉዞ ብዙ አየር ይገፋል፤ ትልቅ ኮን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ዋት ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ይናገራል። በተለይ «ፒኤምፒኦ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ወጥ መለኪያ የለውም፤ አምራቹ እንደፈቀደ ይጽፈዋል። መታየት ያለበት «አርኤምኤስ» የሚለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። እሱም ካልተጻፈ የዕቃውን ጀርባ ማየት ይበቃል። እዚያ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ መሣሪያው ከመስመር የሚወስደው ዋት ተጽፏል። ከመስመር 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 1,000 ዋት ሊሰጥ አይችልም፤ ከወሰደው በላይ የሚሰጥ ማሽን እስካሁን አልተሠራም። ደግሞም የዋት እጥፍ የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሸጋገር ዋጋው እንጂ ድምፁ እጥፍ አይሆንም።

ሳጥኖች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ዝጉ ሳጥን በውስጡ የታሰረውን አየር እንደ ስፕሪንግ ይጠቀምበታል፤ ይህን አሠራር ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ አቀረበው። ሌላው ዓይነት ጎኑ ላይ ወይም ፊቱ ላይ የአየር ቱቦ አለው፤ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ ስሌቱን መልክ አስያዙለት። ቱቦ ያለው ሳጥን በተመጠነበት ድግግሞሽ አካባቢ ብዙ ድምፅ በትንሽ ጉልበት ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ግን ገደል እንደገባ ይወርዳል፤ በግማሽ ድግግሞሽ 24 ዴሲቤል ያጣል። ዝጉ ሳጥን 12 ዴሲቤል ብቻ እያጣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በተግባር ዝጉ ሳጥን ለሙዚቃ የሚያስተማምን፣ ባለ ቱቦው ለፊልም የሚያስደስት ሆኖ ይገኛል፤ በጥንቃቄ የተሠራ ባለ ቱቦ ግን ለሁለቱም ይሆናል። በጥንቃቄ መሠራቱን ለማወቅ ጎርናና ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ቱቦው አጠገብ ማዳመጥ ነው። የሚያፏጭ ወይም የሚተነፍስ ድምፅ ካለ ቱቦው ጠቦታል። የሳጥኑን ጎን በጣት አንጓ ማንኳኳትም ጥሩ ነው፤ ባዶ ጀሪካን የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ሳጥኑ ራሱ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይዘፍናል።

አንድ ኖታ ብቻ የሚያውቅ ቤዝ

የሳብውፈር ትልቁ ነውር ማነስ ሳይሆን አለመመጣጠን ነው። ርካሽ ሳጥን ብዙ ጊዜ በ60 ወይም በ70 ኸርዝ አካባቢ ጉብታ እንዲኖረው ተደርጎ ይሠራል፤ በሱቅ ውስጥ «የሚመታው» ያ ጉብታ ነው። ችግሩ ቤት ከገባ በኋላ ይወጣል። ዘፈኑ ቢቀያየር፣ ዘፋኙ ቢቀያየር፣ ቤዙ ግን ያው አንድ ድምፅ ይሆናል።

ይህን ለመያዝ ከቤዝ ጊታር የተሻለ ምስክር የለም። የባለ አራት አውታር ቤዝ ጊታር አውታሮች ሳይያዙ ሲመቱ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ይሰጣሉ፤ አራቱም በሳብውፈር ክልል ውስጥ ናቸው። የሮሃ ባንድን የመሰለ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ቅጂ፣ በጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር የሚመራውን፣ ከፍቶ መስመሩን መከተል ይቻላል። ቤዙ ወደ ላይ ሲወጣና ወደ ታች ሲወርድ እያንዳንዱ ኖታ በእኩል ድምፅ ከተሰማ፣ ከተቻለም ማንጎራጎር እስኪቻል ድረስ ከተለየ፣ ሳብውፈሩ ፈተናውን አልፏል። አንዱ ኖታ ፈንድቶ ቀጣዩ ከጠፋ ግን ጉብታ አለ። ጉብታው የሳጥኑ ነው ወይስ የቤቱ የሚለው ጥያቄ ከታች ይነሳል።

ለጥልቀት ደግሞ የጎጃም ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባው ሥራ ይመቻል። የቻግኒዋ ጂጂ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችውን አልበም ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ራሱ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ስለሆነ የታችኛው ድምፅ በልግስና ተቀድቷል፤ «አባይ» የተሰኘው ዘፈን የሚገኘውም እዚያው ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቅጂ ቤዙ ከድምፅዋ ሥር ረጋ ብሎ መቀመጥ አለበት። ድምፅዋ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የቅጂው አይደለም።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1969 በተመሠረተው በአምሃ ሪከርድስና በዘመኑ ሌሎች አሳታሚዎች የወጡ የሸክላ ዘፈኖች፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ካሴቶች፣ ከታች ብዙ የላቸውም። የጥንቱ ቀረፃና የሸክላ አቆራረጥ የታችኛውን ድምፅ ቀንሶ ነው ያስቀረው። የጥላሁን ገሠሠ የድሮ ዘፈን በአንድ ሳብውፈር ላይ እንደ ዘንድሮ የሠርግ ዘፈን ቢደልቅ፣ ድለቃው የሳጥኑ ፈጠራ ነው። ዋሽንትና ማሲንቆ ደግሞ በሳብውፈር ክልል ውስጥ ከቁጥር የሚገባ ድምፅ የላቸውም። አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን በሚዘፍንበት ቅጂ ላይ ሳብውፈሩ ሊያወጣ የሚገባው ነገር እዚህ ግባ የማይባል ነው። እጅን ኮኑ ላይ ጣል አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ኮኑ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሳብውፈሩ ከክልሉ በላይ ያለ ድምፅ እያወጣ ነው።

«ፈጣን ቤዝ» የሚባል አነጋገርም አለ። ቀላል ኮን ፈጣን፣ ከባድ ኮን ዘገምተኛ ነው የሚለው ግን ከእውነት ይልቅ ለማስታወቂያ የቀረበ ነው። 40 ኸርዝ በየትኛውም ኮን ላይ 40 ኸርዝ ነው። የሚያዘገመው ድምፁ ከቆመ በኋላ መቀጠሉ ነው፤ የሚጎተት ጅራት። ከበሮ ሲመታ መጀመሪያ የእጁ ጥፊ ይሰማል፤ እሱ ቀጭን ስለሆነ ከዋናዎቹ ስፒከሮች ይወጣል። ከዚያ የሰፊው አፍ ድምፅ ከሳብውፈሩ ይከተላል። በማሕሌት ላይ ወረብ እየፈጠነ ሲሄድ ምቶቹ ይቀራረባሉ፤ የአንዱ ጅራት ሳያልቅ ሌላው ከመጣ ሁሉም ተዋህዶ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል። ጥሩ ሳብውፈር በምትና በምት መካከል ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ማዳመጥ የለመደ ሰው የመሣሪያውን ደረጃ በአንድ ወረብ ይለያል።

ቤቱ

ጥሩ ሳጥን መጥፎ ቤት ገብቶ መጥፎ ሊሆን ይችላል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ43 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ነው፤ 4 ሜትር ስፋት ባለው ሳሎን ግማሹ ልክ ገጥሞ ይቀመጣል። እንዲህ የገጠመ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያጎላል። በግድግዳው ሥር እጅግ ይበዛል፤ በመካከል ይጠፋል። 5 ሜትር ርዝመት ይህንኑ በ34 ኸርዝ፣ 3 ሜትር ደግሞ በ57 ኸርዝ ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው አራት በአራት የሆነ ሳሎን ነው፤ ርዝመቱም ስፋቱም በአንድ ድግግሞሽ ላይ ስለሚረዳዱ ጉብታው ይደረባል።

ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ መደብ ላይ የተቀመጠው እንግዳና መሀል ወንበር ላይ ያለው አባወራ የሚሰሙት ቤዝ አንድ አይደለም። አንዱ «ቀንሱት» ሲል ሌላው «ጨምሩት» ቢል ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳብውፈሩን አድማጩ ዘወትር በሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ፤ የቤዝ ጊታሩ መስመር በደንብ የሚለይበትን ዘፈን መክፈት፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በግድግዳው ዙሪያ፣ ሳጥኑ ሊቀመጥባቸው በሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ጆሮን ወደ ወለሉ አስጠግቶ ማዳመጥ። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ የሳብውፈሩ ቦታ ነው። ድምፅ በሁለት ነጥቦች መካከል ሲሄድም ሲመለስም ያው ስለሆነ ይህ ዘዴ በሥራ ላይ ይውላል። ማዕዘን ውስጥ መወተፍ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። እያንዳንዱ ቅርብ ግድግዳ እስከ 6 ዴሲቤል ስለሚጨምር ድምፁ ይበዛል፣ ጉብታውም አብሮ ይበዛል። አቅም ያለው ሰው ደግሞ ከአንድ ትልቅ ሳብውፈር ሁለት አነስ ያሉትን ቢገዛና በትይዩ ግድግዳዎች መካከል ላይ ቢያስቀምጣቸው ይሻለዋል፤ የሃርማኑ ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው ጥናት ይህ አቀማመጥ በመቀመጫዎች መካከል ያለውን ልዩነት እንደሚያጠብ አሳይቷል።

የቤቱ አሠራርም ለውጥ ያመጣል። የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና የኮንክሪት ጣሪያ ያለው ክፍል በስድስቱም ጎን ቤዙን ይይዛል፤ የተመላሹም ድምፅ ይበዛል። በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከሚበዙት ባለ 40 እና ባለ 60 ቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ግን ስሱ ኮርኒስና ቆርቆሮው ወፍራሙን ድምፅ ወደ ውጭ ያሳልፉታል። ለንጽሕናው ይጠቅማል፣ ለብዛቱ ይጎዳል፤ ለጎረቤት ደግሞ በምንም መልኩ አይጠቅምም። በአንድ ግቢ ውስጥ በጋራ ግድግዳ ለሚኖሩ ተከራዮች ከዘፈኑ ሁሉ የሚደርሳቸው ቤዙ ብቻ ነው።

የቆርቆሮ ቤት ሌላም ጣጣ አለው፤ ይንኮሻኮሻል። ምስማሩ የላላ ቆርቆሮ፣ ስቱኮው የወደቀ የመስኮት መስታወት፣ የብረት በር ማንጠልጠያ፣ ቡፌ ውስጥ የተደረደረው ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ ያ ድግግሞሽ ሲመጣ ይነሳል። ብዙ ሰው «ሳብውፈሬ ተቀደደ» ብሎ ጠጋኝ ጋ የሚወስደው በዚህ ነው። ለማጣራት በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ ማመንጫ መተግበሪያ ከፍቶ ከ120 ኸርዝ ቀስ እያሉ ወደ 30 መውረድ ነው። አንድ ድግግሞሽ ላይ ሲንኮሻኮሽ እዚያው ላይ አቁሞ በእጅ እየነኩ መፈለግ፤ ሲነካ ዝም ያለው ጥፋተኛው ነው። ቡፌው ብዙ ጊዜ ቀዳሚ ነው። ይህን ሁሉ በክረምት ዝናብ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ለመሞከር ማሰብ ደግሞ ልፋት ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ይሻላል።

ከፍታ

ደጀን የአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጎሃ ፅዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ ተጓዥ ጆሮው የሚደፈነው ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ይኸው ለውጥ ሳብውፈሩንም ይነካዋል።

በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ኮኑ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወጣው ድምፅ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ቀደም ብሎ እንደተባለው ይህ በወፍራሙ ድምፅ ላይ የሚሰማ ልዩነት ነው። የዝጉ ሳጥን አየርም ግፊቱ በሩብ ስለሚቀንስ ስፕሪንግነቱ ይላላል፤ የመሣሪያው ጠባይ ፋብሪካው ከለካው ጥቂት ይለወጣል። ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ስለሆነ ጥቅል ሽቦውና ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ቶሎ ይሞቃሉ። በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ስለዚህ ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ኮንና ጉልበት ያለውን መምረጡ ቅንጦት አይደለም። የድምፅ ፍጥነት ግን በግፊት አይለወጥም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው። 4 ሜትር ሳሎን በደጀንም በጅቡቲም ጉብታው የሚያርፈው በተቀራራቢ ድግግሞሽ ላይ ነው።

መገጣጠም

ሳብውፈር ብቻውን አይሠራም፤ ድምፁን ከዋናዎቹ ስፒከሮች ጋር ተከፋፍሎ ነው። ክፍፍሉ የሚሆንበት ድግግሞሽ ክሮስኦቨር ይባላል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለይቶ ስለማያውቅ ቶምሊንሰን ሆልማን ቲኤችኤክስ ለተባለው የፊልም ድምፅ ደረጃ የመረጠው ይህንኑ ቁጥር ነው። ትናንሽ ስፒከር ያላቸው የቤት ውስጥ ዕቃዎች ግን ስፒከሮቹ ወደ 80 መውረድ ስለማይችሉ ሳብውፈሩን እስከ 150 ወይም 200 ኸርዝ እንዲወጣ ያስገድዱታል። ውጤቱ ይታወቃል፤ ዜና አንባቢው ግማሹ ከቴሌቪዥኑ፣ ግማሹ ከጥግ ከተቀመጠው ሳጥን ይናገራል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው የሚናገርበትን ዜና ወይም ስብከት ከፍቶ፣ የትናንሾቹን ስፒከሮች ገመድ ነቅሎ፣ ሳብውፈሩን ብቻ ማዳመጥ። ደካማ ማጉረምረም ቢሰማ ምንም አይደለም። ቃላቱ የሚለዩ ከሆነ ግን ሳብውፈሩ የእሱ ያልሆነ ሥራ እየሠራ ነው። ጀርባው ላይ የክሮስኦቨር ማዞሪያ ካለ መቀነስ ነው። ማዞሪያ ከሌለው ደግሞ ሳጥኑን ወደ ቴሌቪዥኑ ማስጠጋት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሌላው ማስተካከያ ፌዝ የሚባለው ቁልፍ ሲሆን 0 እና 180 ተብሎ ይጻፍበታል። ሳብውፈሩና ስፒከሮቹ አንድ ላይ መግፋታቸውን ወይም አንዱ ሲገፋ ሌላው መሳቡን የሚወስነው እሱ ነው። ከበሮ ያለበትን መዝሙር ከፍቶ ቁልፉን ወዲህና ወዲያ ማለት፤ ምቱ ሞልቶ የሚሰማበት ትክክለኛው ነው። ልዩነት ካልተሰማ ባለበት መተው።

በካርቶን ላይ «5.1» ሲባል ነጥብ አንዱ ለፊልም ጎርናና ድምፅ ብቻ የተለየ መስመር ነው፤ ዶልቢ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ1992 በ«ባትማን ሪተርንስ» ፊልም ሲኒማ ቤት ይዞት ገባ። ሙዚቃ ግን የሚቀዳው በአብዛኛው በሁለት መስመር ስለሆነ «2.1» የተባለ ጥሩ ዕቃ ለሙዚቃ ከደካማ «5.1» ይበልጣል።

ኤሌክትሪክ

የኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 50ውም እጥፉ 100ውም ሳብውፈር አሳምሮ የሚያወጣቸው ድግግሞሾች ናቸው። ስለዚህ የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት ቤት፣ ከዲሽ የሚመጣ ገመድ፣ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠምጥሞ የሚሄድ የድምፅ ገመድ፣ ሁሉም የማይቋረጥ እምታ ያስገባሉ። ዘፈን ሳይከፈት እምታው በመቀመጫ ቦታ የሚሰማ ከሆነ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ የዲሹ ነው።

ማታ ማታ ቮልት ሲወርድ ቤዙ ይደክማል የሚባለው እውነት ቢሆንም የሚታሰበውን ያህል አይደለም። በተራ ትራንስፎርመር የሚሠራ ማጉያ ቮልቱ በ10 ከመቶ ቢወርድ የሚያጣው 1 ዴሲቤል ገደማ ነው። 160 ቮልት ላይ ሲደርስ ወደ 3 ይጠጋል። ጀርባው ላይ «100–240» የተጻፈበት ዕቃ ይህንን አብዛኛውን ይቋቋማል፤ ቮልት በሚዋዥቅበት ከተማ ለሚገዛ ሰው ይህች ጽሑፍ ከዋቱ ቁጥር የበለጠ ዋጋ አላት።

ግዢው

4 በ4 ለሆነ የቆርቆሮ ቤት ሳሎን፣ ለሙዚቃ፣ ባለ 10 ኢንች ዝግ ሳጥን ከማናቸውም ግዙፍ ባለ ብዙ ሺህ ፒኤምፒኦ ዕቃ ይሻላል። ለፊልም ቅድሚያ የሚሰጥ ቤተሰብ ባለ ቱቦ ባለ 12 ኢንች ቢመርጥ አይሳሳትም። የኮኑ ጠርዝ ጎማ ቢሆን ይመረጣል፤ የስፖንጅ ጠርዝ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ጠርዙን በጣት ነካ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ዱቄት ከሰጠ ዕድሜው አልቋል። ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ የሱቁን ክፍል እንጂ የገዢውን ቤት ስለማይነግር፣ ብር ከመቁጠር በፊት ቤት ወስዶ ሞክሮ ካልተስማማ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ለመመለስ ከሻጩ ጋር መስማማት የገዢው ፈንታ ነው። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።